የሚያጨስና የሚጠጣ ታካሚ አልጋ ሲይዝ፦ የነርሲንግ እንክብካቤ ዕቅድ እንዴት ይወጣል?

ተኝተው በሚታከሙ ሰዎች ካርድ ላይ «ሲጋራ ያጨሳል፤ አልኮል ይጠጣል» የሚል አንድ መስመር ማንበብ የተለመደ ነው። መስመሩ የሚጻፈው ታካሚው አልጋ በያዘበት ዕለት ሲሆን ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ማንም ተመልሶ አያየውም፤ የሁሉም ትኩረት ወደ ሳንባ ምቹ፣ ወደ ስብራቱ ወይም ወደ ቀዶ ሕክምናው ይሄዳል። ይህ አጭር መስመር ግን በጠባያቸው እጅግ የሚለያዩ ሁለት ሱሶችን ጠቅልሎ ይዟል። በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው መጠጡ በድንገት ሲቋረጥበት በጥቂት ቀናት ውስጥ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ሲጋራ የተቋረጠበት ሰው በማቋረጡ ምክንያት አይሞትም፤ ነገር ግን ይነጫነጫል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ አልጋው ላይ መቀመጥ ያቅተዋል፣ በመጨረሻም «በቃኝ፣ ልውጣ» ብሎ ፈርሞ ይሄድና ሊድን ይችል የነበረውን ሌላውን ሕመሙን ይዞ ቤቱ ይገባል። ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ቅጽ ላይ ቢሰፍሩም አንድ ዓይነት ዕቅድ አይወጣላቸውም። የመጠጡ ዕቅድ በሰዓት ይቆጠራል፤ የሲጋራው ዕቅድ በሳምንትና በወር ይለካል።

የነርሲንግ እንክብካቤ ዕቅድ የሐኪሙ ትእዛዝ ግልባጭ አይደለም። ሐኪሙ በሽታውን ይለያል፣ መድኃኒት ያዛል፤ ነርሷ ደግሞ ሰውየው በበሽታው ምክንያት ምን እንደ ገጠመውና ምን ሊገጥመው እንደሚችል ትለያለች፣ ግብ ታስቀምጣለች፣ የምታደርገውን ትጽፋለች፣ ውጤቱንም ትመዝናለች። መረጃ መሰብሰብ፣ ችግር መለየት፣ ማቀድ፣ መተግበርና መገምገም የሚባሉት አምስት እርምጃዎች በትምህርት ቤት በቅደም ተከተል ቢሰጡም፣ በዋርድ ውስጥ እርስ በርሳቸው እየተጠላለፉ በየሰዓቱ የሚደጋገሙ ናቸው። ይህ በተለይ የሚታየው ሁኔታው በየ 6 ሰዓቱ ሊለዋወጥ በሚችል ጠጪ ታካሚ ላይ ነው።

ነገሩ በግልጽ እንዲታይ ለማብራሪያ ብቻ የተሰናዳ አንድ ታካሚ እንውሰድ። የ 48 ዓመት የሌሊት ጥበቃ ሠራተኛ ነው። ሰኞ ጠዋት በ 4 ሰዓት በትኩሳት፣ በሳልና በትንፋሽ ማጠር ወደ ሆስፒታል መጥቶ በሳንባ ምች አልጋ ይይዛል። የሰውነቱ ሙቀት 38.6፣ የልብ ምቱ በደቂቃ 118፣ አተነፋፈሱ በደቂቃ 28፣ የደም ግፊቱ 148 በ 94፣ በጣት መለኪያ የታየው የኦክስጅን መጠኑ 87 በመቶ ነው። ለ 24 ዓመታት በቀን አንድ ፓኬት ሲጋራ አጭሷል። የሚጠጣው አረቄ ነው፤ ባለቤቱም በቤታቸው አረቄ አውጥታ በመሸጥ ቤተሰቡን ትደጉማለች። ይህ የመጨረሻው ዝርዝር አሁን ተራ ወሬ ቢመስልም ሰውየው ከሆስፒታል የሚወጣበት ቀን ሲቃረብ ከሁሉም ይበልጥ ይከብዳል።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ መቼ?

ስለ መጠጥ ሲጠየቅ አብዛኛው ሰው «አልፎ አልፎ» ወይም «ለበዓል ነው» ይላል። ይህን እንደ ውሸት ብቻ መቁጠር አይገባም፤ ጥያቄውም ራሱ መልሱን ያበላሸዋል። ፊት አጨፍግጎ «ትጠጣለህ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ከአንድ አባወራ የሚያገኘው መልስ ራስን መከላከል ነው። አስታማሚዎቹ ለጥቂት ጊዜ ወደ ውጭ እንዲወጡ ተደርጎ፣ ድምፅ ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ የምንሰጥዎ መድኃኒት ከመጠጥ ጋር ሊጋጭ ስለሚችል ሁሉንም ታካሚ እንጠይቃለን፤ ለመጨረሻ ጊዜ የጠጡት መቼ ነበር?» ማለት በሩን ይከፍታል። ጥያቄው ይጠጣሉ ወይስ አይጠጡም የሚለውን አልፎ ወደ ሰዓቱ ስለሚሄድ ሰውየው የሚከላከለው ነገር አይኖረውም። ሴት ታካሚዎችንም በዚሁ አኳኋን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ጠላና አረቄ የሚሸጡ ሴቶች እየቀመሱ የሚውሉበት ጊዜ አለ፣ ነገር ግን የሚጠይቃቸው ሰው እምብዛም ነው።

«መቼ» የሚለው «ምን ያህል» ከሚለው የሚቀድመው የመጠጥ መቋረጥ ሕመም በሰዓት ስለሚጓዝ ነው። ባለሙያዎች ዊዝድሮዋል የሚሉት ይህ ሕመም ብዙውን ጊዜ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ 6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ በእጅ መንቀጥቀጥ፣ በላብ፣ በማቅለሽለሽ፣ በጭንቀትና በእንቅልፍ ማጣት ይጀምራል። እንደሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ከ 6 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ሊመጣ ይችላል። እጅግ አስጊ የሆነውና ዲሊሪየም ትሬመንስ የሚባለው፣ ሰውየው ጊዜና ቦታ የሚጠፋበት፣ የሌለ ነገር የሚያይበትና ሙቀቱና የልብ ምቱ የሚያሻቅብበት ሁኔታ ደግሞ በአብዛኛው ከ 48 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ ይከሰታል። የእኛ ታካሚ ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣው እሑድ ማታ በ 3 ሰዓት ነው እንበል። ወደ ሆስፒታል ሲደርስ 13 ሰዓት አልፎታል ማለት ነው። የመንፈራገጡ ሥጋት እስከ ማክሰኞ ማታ 3 ሰዓት ይዘልቃል፤ የዲሊሪየሙ ሥጋት ከዚያ ተነሥቶ እስከ ሐሙስ ማታ ይሄዳል። ዕቅዱ ላይ መጻፍ ያለበት «ለ 3 ቀናት ክትትል» የሚል ደረቅ ቃል ሳይሆን እነዚህ ሰዓቶች ናቸው።

እዚህ ላይ በአገራችን የሚያጋጥም አንድ ወጥመድ አለ። ታካሚው «ማታ በ 3 ሰዓት» ሲል የሚናገረው በአበሻ ሰዓት ነው፤ የሆስፒታል ሰነድ ግን በብዛት የሚሞላው በፈረንጅ ሰዓት ነው። የተቀበለችው ነርስ «3» ብላ ብቻ ጽፋ ቀጣዩ ተረኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት አድርጎ ቢረዳው 6 ሰዓት ይሳሳታል። በሌላ ታካሚ ላይ ይህ ቀላል ስሕተት ይሆን ይሆናል፤ መንፈራገጥ በሚጠበቅበት ሰው ላይ ግን የአንድ ሙሉ ፈረቃ ግማሽ ነው። ስለዚህ በርክክብ ጊዜ ሰዓቱ በቃልም በጽሑፍም «ከመጨረሻው መጠጥ ወዲህ ይህን ያህል ሰዓት» ተብሎ ቢነገር ይሻላል።

መጠኑም መታወቅ አለበት፤ ሆኖም በጠርሙስና በመቶኛ መጠየቅ ብዙ አያስኬድም። ሰው የሚቆጥረው በመለኪያ፣ በብርሌና በጣሳ ነው። 5 በመቶ አልኮል ያለው 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ይይዛል። 50 ሚሊ ሊትር የምትይዝ መለኪያ አረቄ፣ አረቄው 40 በመቶ ቢሆን፣ 16 ግራም ገደማ ትይዛለች። የቤት አረቄ ጥንካሬው ከቤት ቤት ስለሚለያይ ይህ ስሌት ግምት ነው፤ ይሁንና በየምሽቱ 6 መለኪያ የሚጠጣ ሰው ከ 7 ጠርሙስ ቢራ በላይ እየወሰደ መሆኑን ለማሳየት ይበቃል። ከዚህ ጋር አብረው የሚጠየቁ ሁለት ነገሮች አሉ፦ ጠዋት እጁ እንዲረጋለት ይጠጣ እንደሆነ፣ ከዚህ በፊትም መጠጥ ባቆመ ጊዜ ተንፈራግጦ ወይም ተቃዥቶ ያውቅ እንደሆነ። ቀድሞ የተንፈራገጠ ሰው ዳግም የመንፈራገጥ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያሰናዳው ኦዲት የተባለ የ 10 ጥያቄዎች መጠይቅም አለ፤ ከጠቅላላው 40 ነጥብ ውስጥ 8 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው አጠጣጡ ለጤናው አስጊ እንደሆነ ይቆጠራል። መጠይቁ ጠቃሚ ቢሆንም ትኩሳት ያለበትን ሰው በመጀመሪያው ሰዓት 10 ጥያቄ መጠየቅ አስፈላጊ አይመስለኝም፤ ሲረጋጋ ይደርሳል።

ጫትም ከጥያቄው ውስጥ መቅረት የለበትም። ቅሞ ሲጋራ የሚያጨስና ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣ፣ ማለትም ጨብሲ የሚያደርግ ሰው አልጋ ሲይዝ ሦስቱንም በአንድ ቀን ይተዋል። ጫት ያቆመ ሰው ይፈዝዛል፣ ይደበታል፣ ዱካክ የሚባለውን አስፈሪ ሕልም ያያል። ይህን ያላወቀ ነርስ የዱካክን ሕልም ከመጠጥ መቋረጥ ቅዠት ጋር ሊያምታታው ይችላል። ልዩነቱ ዱካክ በእንቅልፍ ውስጥ የሚመጣ መሆኑ ነው፤ የመጠጡ ቅዠት ዓይኑን ከፍቶ በግድግዳው ላይ ነፍሳት ሲሄዱ የሚያይ ሰው ቅዠት ነው።

የመጀመሪያዎቹ 96 ሰዓታት

በዕቅዱ ውስጥ የነርሲንግ ችግር ሲጻፍ ችግሩ፣ ምክንያቱና ማሳያው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይያያዛሉ። ለምሳሌ «በወፍራም አክታና በደከመ ሳል ምክንያት የአየር መተላለፊያ አለመጥራት፤ ይህም በደቂቃ 28 በሆነ አተነፋፈስና በ 87 በመቶ የኦክስጅን መጠን ይታያል» ይባላል። ገና ያልደረሰ ሥጋት ሲሆን ማሳያ ስለሌለው ምክንያቱ ብቻ ይጻፋል፦ «በየቀኑ የሚወሰድ መጠጥ በድንገት በመቋረጡ ምክንያት ለመንፈራገጥ፣ ለመውደቅና ለጉዳት የመጋለጥ ሥጋት»። በአንድ ታካሚ ላይ 10 ችግር መደርደር ይቻላል፤ የምግብ እጥረቱ፣ የእንቅልፉ፣ የቤተሰቡ ጭንቀትና ሱሱን ለመቀበል ያለመፈለጉ ሁሉም እውነት ናቸው። ግን 10 ችግር የተጻፈበት ዕቅድ በሌሊት ተረኛ አይነበብም። በመጀመሪያው ቀን መተንፈሱና የመቋረጥ ሥጋቱ ከሁሉ ላይ ይጻፉ፤ ሌላው ይቆይ።

የመቋረጡን ክብደት ለመለካት ሲዋ የተባለ፣ እ.ኤ.አ. በ 1989 በአሁኑ መልኩ የታተመ መለኪያ አለ። 10 ነገሮችን ይመለከታል፦ ማቅለሽለሽ፣ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ጭንቀት፣ መቁነጥነጥ፣ ራስ ምታት፣ የቆዳ ላይ ስሜት፣ የጆሮና የዓይን ቅዠት፣ እንዲሁም ጊዜና ቦታን ማወቅ። ጠቅላላ ነጥቡ 67 ነው። በብዙ ሆስፒታሎች አሠራር ከ 8 በታች የሆነ ሰው በየ 4 ሰዓቱ ይታያል፣ 8 እና ከዚያ በላይ የሆነ ደግሞ መድኃኒት ተሰጥቶት በየሰዓቱ ይለካል፤ ከ 15 ወይም ከ 20 በላይ ሲሆን ከባድ ነው ይባላል። መለኪያው የልብ ምትንና ሙቀትን እንደማይቆጥር ልብ ማለት ያስፈልጋል። የእኛ ታካሚ 118 የሚመታው ልቡ ከሳንባ ምቹ ይሁን ከመጠጡ በዚህ ቁጥር ብቻ አይታወቅም። ትኩሳቱ በመድኃኒት ወርዶ እጁ ግን እየባሰበት የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ አንደበቱም «ይሄ ክፍል የማን ነው?» ማለት ከጀመረ፣ አቅጣጫው ወደ መጠጡ ያዘነብላል። ቁጥር መሙላት የሕክምናው ረዳት ነው እንጂ ታካሚውን ቆሞ የማየት ምትክ አይደለም፤ መናገር ለማይችል ወይም ቋንቋው ለማይገባን ሰውም መለኪያው አይሠራም።

የሚታዘዘው መድኃኒት በአብዛኛው ዳያዜፓም ወይም ከዚያው ወገን የሆነ ሌላ ማረጋጊያ ነው። የነርሷ ጥንቃቄ እዚህ ላይ በሁለት ወገን ስለት ላይ የመሄድ ያህል ነው። ትንሽ ከተሰጠ ሰውየው ይንፈራገጣል፤ ከበዛ ሳንባው የታመመበት ሰው አተነፋፈሱ ይዳከማል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ መጠን በፊት የአተነፋፈሱ ቁጥር ይቆጠራል፣ ስሙን ሲጠሩት ይነቃ እንደሆነ ይታያል፤ ለመንቃት ከተቸገረ ወይም አተነፋፈሱ በደቂቃ ከ 12 በታች ከወረደ መድኃኒቱ ሳይሰጥ ሐኪሙ ይጠራል። ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ሆዱ ውኃ የቋጠረ፣ ማለትም ጉበቱ የተጎዳ ሰው ከሆነ ዳያዜፓም በሰውነቱ ውስጥ ስለሚጠራቀም ከዚያው ወገን የሆነው ሎራዜፓም የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ለሐኪሙ ማስታወስ የነርሷ ድርሻ ነው።

አሁን ስለ «ግሉኮስ» እንነጋገር። ቤተሰብ የደከመ ሰው ሲያይ መጀመሪያ የሚለው «ግሉኮስ ይሰቀልለት» ነው። ለብዙ ዓመታት የጠጣ፣ ምግብም የቀነሰ ሰው በሰውነቱ ውስጥ ታያሚን የሚባለው ቫይታሚን ቢ 1 ተሟጦ ይሆናል። ስኳር በሰውነት ውስጥ እንዲቃጠል ይህ ቫይታሚን የግድ ያስፈልጋል። ቫይታሚኑ ሳይሰጥ ስኳሩ ብቻ ከገባ የቀረችውን ጥቂት ታያሚን አሟጦ አንጎልን ሊጎዳ ይችላል፤ ቨርኒኬ በሚባለው በዚህ ሁኔታ ሰውየው ግራ ይጋባል፣ ሲራመድ ይንገዳገዳል፣ የዓይኑ እንቅስቃሴ ይዛባል። ስለዚህ ታያሚኑ ከግሉኮሱ ይቀድማል ወይም አብሮ ይሰጣል፤ የጠጪ አንጀት በደንብ ስለማይቀበለውም በመጀመሪያዎቹ ቀናት በመርፌ ቢሰጥ ይመረጣል። ይሁን እንጂ የስኳሩ መጠን በጣም ወርዶ ራሱን እየሳተ ላለ ሰው ታያሚን እስኪገኝ ተብሎ ግሉኮስ አይዘገይም። ሳይበላ የጠጣ ሰው ጉበቱ ስኳር ማምረት ስለሚሳነው የደም ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላል፤ በጣት መለኪያ ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

መንፈራገጥ ቢመጣ ምን እንደሚደረግ ለአስታማሚው አስቀድሞ መነገር አለበት። በጎን ማስተኛት፣ በአካባቢው ያለውን ጠንካራ ነገር ማራቅ፣ በአፍ ውስጥ ምንም አለመክተት፣ ሰዓት መያዝና ተረኛ መጥራት ነው። በእኛ አገር ሰው ሲንፈራገጥ ክብሪት ጭሮ ማሽተት የቆየ ልማድ ነው። ልማዱ በራሱ አይጠቅምም፤ ኦክስጅን በሚሰጥበት አልጋ አጠገብ ሲሆን ግን ሰውየውን ሊያቃጥል የሚችል አደጋ ነው። «ክብሪት አይጫርም» የሚለውን በደፈናው ከማዘዝ ይልቅ ኦክስጅን እሳትን እንዴት እንደሚያባብስ በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት የበለጠ ይሠራል።

ክፍሉ ቢቻል ለተረኛ ጠረጴዛ የቀረበ፣ አልጋው ዝቅ ያለ፣ ሌሊትም መብራት ያለው ይሁን፤ ጨለማ ቅዠትን ያባብሳል። የሚቃዥን ሰው «እባቡ የለም፣ ዝም በል» ብሎ መሟገት ምንም አይፈይድም። «እኔ ነርስ ነኝ፣ እዚህ ሆስፒታል ነው ያሉት፣ እኔ የሚያዩትን አላየውም፣ ግን እንደፈሩ ይገባኛል» ማለት ይበቃል። ማሰር የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ የታሰረ ሰው ይበልጥ ይታገላል፣ ትውከቱም ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። በአንዳንድ ቤተሰብ ዘንድ እንዲህ ያለ ቅዠት የመንፈስ ሥራ ተደርጎ ይታያልና በሦስተኛው ቀን «አውጡልን፣ ጠበል እንውሰደው» ሊሉ ይችላሉ። ከዚህ እምነት ጋር መጣላት ቤተሰቡን ማጣት ነው። ቅዠቱ መጠጡ ከተቋረጠ በኋላ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ቀድሞ ለነገርናቸው ቤተሰቦች ግን በተባለው ቀን ሲመጣ እምነታቸው በእኛም ላይ ይጨምራል። ጠበሉ ከሆስፒታል በኋላ ሊደርስ ይችላል፤ ጸሎቱም በአልጋው አጠገብ ይቻላል። በዚያው ልክ፣ በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው ለጾም ወይም ለጠበል ሲል በአንድ ቀን ቆርጦ ማቆሙ አደገኛ እንደሆነና አስቀድሞ ወደ ጤና ተቋም መሄድ እንደሚገባው ሊነገር ይገባል።

ሲጋራው

ሲጋራ የተቋረጠበት ሰው ከ 4 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ መቁነጥነጥ ይጀምራል፤ ሐራራው በ 2ኛውና በ 3ኛው ቀን ይበረታል፣ ከዚያም ከ 2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ እየበረደ ይሄዳል። እነዚህ ቀናት የመጠጡ ሥጋት ከሚበረታባቸው ቀናት ጋር ይገጣጠማሉ። ጭንቀት፣ ንዴትና እንቅልፍ ማጣት ለሁለቱም የጋራ ነው። አንድ መለያ ግን አለ፦ ኒኮቲን ሲቋረጥ የልብ ምት ዝቅ ይላል፤ አልኮል ሲቋረጥ ከፍ ይላል፣ እጅም ይንቀጠቀጣል፣ ላብም ያጠምቃል። እየተናደደ ያለ ሰው ልቡ በደቂቃ 76 ከሆነ ሲጋራ አምሮት ይሆናል፤ 120 ከሆነና ላብ ካጠመቀው ጉዳዩ ሌላ ነው።

ሱሱ ምን ያህል እንደ ጸና ለማወቅ ከሁሉ የሚጠቅመው ጥያቄ «ጠዋት ከእንቅልፍ ከተነሡ በኋላ የመጀመሪያዋን ሲጋራ በስንት ደቂቃ ያጨሳሉ?» የሚለው ነው። በ 5 ደቂቃ ውስጥ የሚያጨስ ሰው ፋገርስትሮም በተባለው የ 6 ጥያቄዎች መለኪያ በዚህች ጥያቄ ብቻ ከጠቅላላው 10 ነጥብ ውስጥ 3 ይይዛል። በቀን የሚጨሱት ፓኬቶች በዓመታቱ ሲባዙ ደግሞ «የፓኬት ዓመት» የሚባለውን ይሰጣሉ፤ የእኛ ታካሚ 24 የፓኬት ዓመት አለው። በዚህ ልክ ያጨሰ ሰው ሥር የሰደደ የሳንባ መጥበብ ሊኖርበት ስለሚችል የኦክስጅኑ ግብ እንደሌላው ታካሚ 94 እና ከዚያ በላይ ይሁን ወይስ ከ 88 እስከ 92 በመቶ፣ ከሐኪሙ ተጠይቆ ዕቅዱ ላይ መጻፍ አለበት። በጣት የሚደረገው መለኪያም በቅርቡ ያጨሰን ሰው ቁጥር ከእውነቱ አብልጦ ሊያሳይ ይችላል፤ የሲጋራ ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ሲይዝ መለኪያው ሁለቱን አይለይምና።

በቆዳ ላይ የሚለጠፈው የኒኮቲን ፓችና የኒኮቲን ማስቲካ እ.ኤ.አ. ከ 2009 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ቢገኙም በአገራችን መድኃኒት ቤት ሁሉ የሚገኙ አይደሉም። ሲገኙ፣ በቀን ከ 10 ሲጋራ በላይ ለሚያጨስ ሰው ብዙ ጊዜ በ 21 ሚሊ ግራም ፓች ይጀመራል። ቡፕሮፒዮን የሚባለው የሲጋራ ማቆሚያ ክኒን ግን መጠጥ በድንገት ላቆመ ሰው አይሰጥም፤ መንፈራገጥን ይቀሰቅሳል። ሁለቱን ሱሶች ለይቶ ያላየ ዕቅድ እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ይሰናከላል። ፓች ከሌለ የሚቀረው የነርሷ ብልኃት ነው፦ ሐራራው አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ እንደሚያልፍ መንገር፣ በዚያ ሰዓት ውኃ ማስጠጣት፣ በጥልቀት ማስተንፈስ፣ ይህም የሳንባ ምቹን አክታ ለማውጣት ስለሚረዳ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ነው። የጤና ተቋማት ቅጥር ማጨስ የተከለከለበት ስፍራ ነውና «እዚህ አይቻልም» ማለት እውነት ነው፤ ምትክ ሳይሰጡ መከልከል ግን ታካሚውን መጸዳጃ ቤት ውስጥ ተደብቆ እንዲያጨስ ይገፋዋል።

ቡናም እዚህ ይገባል። የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርገዋል። ሲጋራ ሲቆም ይህ ፍጥነት ስለሚቀንስ፣ ከአቦል እስከ በረካ የሚጠጣ ሰው ያው ቡና በደሙ ውስጥ እጥፍ ያህል ይሆንበታል። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ እንቅልፍ ያጣል፤ ነርሷም የመጠጡ መቋረጥ የባሰበት ይመስላታል። አስታማሚዋ በቴርሞስ የምታመጣውን ቡና በግማሽ መቀነስ ብዙ ግራ መጋባትን ያስቀራል። በዚሁ ምክንያት ክሎዛፒን ወይም ኦላንዛፒን የተባሉትን የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ወይም ቲዮፊሊን የተባለውን የአስም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ማጨስ ሲያቆም የመድኃኒቱ መጠን በደሙ ከፍ ስለሚል ለሐኪሙ መነገር አለበት።

ከመውጣቱ በፊት

በ 5ኛው ቀን ትኩሳቱ ወርዶ፣ ሲዋው ከ 8 በታች ሆኖ፣ ታካሚው ገንፎውን ሲበላ ዕቅዱ ይለወጣል። «ታካሚው ማጨስና መጠጣት ያቆማል» የሚለው ግብ በዚህ ጊዜ በብዙ ቅጾች ላይ የሚታይ ቢሆንም ምኞት እንጂ ግብ አይደለም፤ ማንም በሆስፒታል ውስጥ ሊለካው አይችልም። «ከመውጣቱ በፊት ለመጠጥ የሚገፋፉትን ሁለት ሁኔታዎች በራሱ አንደበት ይናገራል፤ ለእያንዳንዱ የሚያደርገውን ይመርጣል» የሚለው ግን ተለክቶ ሊመዘን ይችላል።

እዚህ ላይ ምክር ከመስጠት መጠየቅ ይበልጣል። ሲጋራ ሳንባን እንደሚጎዳ ያልሰማ ሰው የለም፤ ታካሚው ያልተጠየቀው ራሱ ምን እንደሚፈልግ ነው። «ማጨሱ የሚጠቅምዎ በምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ እንግዳ ቢመስልም፣ የሌሊት ጥበቃው «ብርዱንና እንቅልፉን ለመቋቋም» ብሎ ይመልሳል፤ በዚያች መልስ ውስጥ ዕቅዱ አለ። ወፍራም ጃኬት፣ በቴርሞስ ሻይ፣ ከሌላ ጠባቂ ጋር ሰዓት መቀያየር ከአንድ ሰዓት ተግሣጽ ይልቅ ይረዱታል። ደጋግሞ ሞክሮ ያልተሳካለት መሆኑን ቢናገር ውድቀት አይደለም፤ ስንት ቀን እንደ ቆየና ምን እንደ መለሰው ይጠየቃል። ሲጋራውንና መጠጡን አብሮ ማቆም መጠጡን ያባብሳል የሚለው የቆየ ፍርሃት በጥናት አልተደገፈም፤ ፈቃደኛ የሆነ ሰው ሁለቱንም አብሮ ሊሞክር ይችላል።

የባለቤቱ አረቄ ግን በምክር አይፈታም። ያ ጀሪካን የልጆች ደብተርና የቤት ኪራይ ነው። «ማውጣትሽን አቁሚ» ማለት ለነርሷ ቀላል ነው፤ ለሴትየዋ ግን የገቢ ምንጯን መዝጋት ነው። በዚህ ላይ ዝግጁ መልስ የለኝም። የሚቻለው ባልና ሚስት አብረው ተቀምጠው፣ ከተቻለም የሆስፒታሉ ማኅበራዊ ሠራተኛ ባለበት፣ መጠጡ ከመኝታ ቤት ይውጣ፣ እሱ በሽያጩ ሰዓት ቤት አይዋል፣ ወይም የምትሸጠው ሌላ ነገር ይታሰብ የሚሉትን አንድ በአንድ ማንሣት ነው። የሚመርጡት እነሱ ናቸው፤ የመረጡት በካርዱ ላይ በራሳቸው ቃል ይጻፋል።

ወደ ቤት የሚወስዳቸው መድኃኒቶችም በጥንቃቄ ይታያሉ። ሳሉ ከ 2 ሳምንት በላይ የቆየ ከሆነ አክታው ለሳንባ ነቀርሳ መመርመር ይኖርበታል፤ መጠጥም ሲጋራም ለዚህ በሽታ ያጋልጣሉ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ቢጀመርለት ኢሶኒያዚድ፣ ሪፋምፒሲንና ፒራዚናማይድ ጉበት ላይ ስለሚከብዱ ከመጠጥ ጋር አይስማሙም፤ ነርቩ እንዳይጎዳም ቫይታሚን ቢ 6 ይጨመርለታል። መጠጥን ለማቆም የሚረዱት አካምፕሮሴትና ናልትሬክሶን እ.ኤ.አ. በ 2023 በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል፤ መገኘታቸው ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ በየአካባቢው የአእምሮ ጤና ክፍል መጠየቅ ያስፈልጋል።

የመጨረሻው ገጽ ግምገማው ነው። በእኛ ታካሚ ላይ «አልተንፈራገጠም፣ አልወደቀም፤ ግቡ ተሳክቷል» ተብሎ ይጻፋል። የኦክስጅን መጠኑ ያለ ድጋፍ 93 በመቶ ደርሷል። መጠጡን በተመለከተ «እስከ ቀጠሮዬ አልጠጣም» ብሏል፤ ሲጋራውን በተመለከተ ግን «በቀን ወደ 5 አወርዳለሁ» ያለው ብቻ ነው፣ ስለዚህ «ግቡ በከፊል ተሳክቷል» ይባላል። ቀጠሮው በ 1 ሳምንት ውስጥ በሰፈሩ ጤና ጣቢያ ነው። በወረቀቱ ላይ ለዚያች ነርስ የሚጻፍላት አጭር መልእክት ሦስት ነገር ይይዛል፦ ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣበት ቀንና ሰዓት፣ ጠዋት የመጀመሪያዋን ሲጋራ የሚያጨስበት ደቂቃ፣ እንዲሁም ባለቤቱ አረቄውን ወደ ጓሮው ክፍል ለማዛወር የተስማማች መሆኗ።